የሻከረ ግንኙነትን በምልልስና በመቼት ማሳየት፦ ለአጭር ልቦለድ ጸሐፊዎች

የሻከረ ትዳር፣ የተቀያየሙ ወንድማማቾች፣ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የሌላቸው አባትና ልጅ ለአጭር ልቦለድ የተመቹ ናቸው። ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ነገር ስለሆነ ጸሐፊው ግጭትን ከባዶ መፍጠር አይጠበቅበትም። ችግሩ የሚመጣው የሆነውን ነገር ለአንባቢ ለማድረስ ሲሞከር ነው። በብዙ ረቂቆች ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው የጠባቸውን ታሪክ እርስ በርሳቸው ይተራረካሉ፤ ተራኪው ደግሞ «ፍቅራቸው ቀዝቅዞ ነበር» ብሎ ይዘጋዋል። አንባቢው ተነገረው እንጂ አላየም።

መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ምልልስና መቼት፣ ማለትም ታሪኩ የሚካሄድበት ጊዜና ቦታ። ለየብቻቸው ግን ብዙ አያስኬዱም። በምልልሱ ሰዎቹ የሚሸሹትን ነገር ይሸሻሉ፤ መቼቱ የሸሹትን መልሶ እጃቸው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ከ1500 እስከ 3000 ቃል ለሚሆን፣ በአንድ ወይም በሁለት ትዕይንት ለሚያልቅ ታሪክ ይሠራል።

ከመጻፍ በፊት፦ ማን ምን ያውቃል?

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ላይ ይመልሱ። በዚህ ትዕይንት ምን ይፈልጋል? ምን ያውቃል? ምኑን በአፉ ማውጣት አይችልም? የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ይሠራዋል፤ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ሁሉን ነገር የሚያውቁ ከሆነ የሚቀራቸው መከራከር ብቻ ነው። አንደኛው የሚያውቀውን ነገር ሌላኛው «አያውቅም» ብሎ የሚያምን ከሆነ ግን ተራው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሁለት ትርጉም ይይዛል።

ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን አንድ ምሳሌ እንያዝ። ባልና ሚስት በአሮጌ መኪና ውስጥ ናቸው። ባል ለቤት መግዣ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለወንድሙ አበድሯል፤ ለሚስቱ አልነገራትም። እሷ ከሌላ ሰው ሰምታለች፤ መስማቷን እሱ አያውቅም። እሱ የሚፈልገው ቀኑ በሰላም እንዲያልፍ ነው። እሷ የምትፈልገው ራሱ እንዲነግራት ነው፤ ስለዚህ «አውቃለሁ» ማለት አትችልም። ካለች ራሱ የመናገር ዕድሉን ትወስድበታለች፣ የምትፈልገውንም አታገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። ሁለቱን ለየብቻ «የተጣላችሁት በምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው ተመሳሳይ መልስ ይሰጣሉ? የሚሰጡ ከሆነ ታሪኩ የድርድር ታሪክ ነው፤ ዕዳው ሲከፈል ያልቃል። በምሳሌያችን ባልየው «በገንዘብ» ይላል፣ ሚስትየው «በመደበቅ»። ገንዘቡ ነገ ቢመለስ እንኳ የእሷ ጥያቄ ባለበት ይቆያል። ግንኙነቱ የሻከረው በዚህ አለመገጣጠም ስለሆነ ያንን ሳያገኙ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አይጻፉ።

የላዩ ጉዳይ

ሰዎቹ ስለ ዋናው ነገር ካላወሩ ስለ ምን ያወራሉ? ይህን ለአጋጣሚ የሚተው ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ስለ አየሩና ስለ ሥራ ውሎ የሚያወሩ፣ አንባቢን የሚያሰለቹ ሁለት ሰዎች ይዞ ይቀራል። የላዩ ጉዳይ ሦስት ነገር ሊያሟላ ይገባል። በእጅ የሚነካ ነገር ይሁን። ትንሽም ቢሆን ውሳኔ የሚጠይቅ ይሁን፤ እናሠራው ወይስ እንተወው፣ እንሂድ ወይስ እንጠብቅ። ከተደበቀው ጉዳይ ጋርም ቢያንስ አንድ ቃል ይጋራ።

በምሳሌያችን የላዩ ጉዳይ የመኪናው በር ነው። በሚስትየው በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ባልየው ወርዶ፣ ዞሮ መጥቶ ከውጭ ይከፍትላታል። በሩ ይነካል፤ መሠራት አለበት፤ ለመሥራት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። በሩ ወደ ገንዘቡ የሚወስድ መንገድ ስላለው ሚስትየው ስለ በሩ በጠየቀች ቁጥር ባልየው ወደተደበቀው ነገር አንድ እርምጃ ይገፋል።

ምርጫዎ ትክክል መሆኑን ለማየት ምልልሱን ምንም ለማያውቅ ሰው ያንብቡለት። እንደ ተራ ወሬ ስሜት መስጠት አለበት። ስሜት የማይሰጥ ከሆነ ሰዎቹ በምልክት የሚነጋገሩ ሰላዮች ሆነዋል ማለት ነው።

የማይገጥሙ መልሶች

ጥያቄና መልስ በትክክል የሚገጥምበት ምልልስ መረጃ ያቀብላል እንጂ ግንኙነትን አያሳይም። መሻከር የሚታየው መልሱ ከጥያቄው ጋር በማይገጥምበት ቦታ ነው፤ አለመግጠሙ ደግሞ ብዙ ዓይነት አለው።

በጣም የተለመደው ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ነው። «ስንት ይፈጃል አሉህ?» «የቱ?» የሰማውን ነገር ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ጊዜ እየገዛ ነው። ሁለተኛው ያልተጠየቀውን መመለስ ነው፦ «ስንት ይፈጃል?» «ሲመቸን እናሠራዋለን።» ስለ ዋጋ ተጠይቆ ስለ ጊዜ መለሰ። ሦስተኛው ጥቃቅን ስህተት ማረም ነው፤ «ማክሰኞ ነው የነገርኩህ» ስትለው «ረቡዕ ነው» ይላል፤ በዋናው ላይ መልስ ስለሌለው በቀኑ ላይ ይሟገታል። አራተኛው የሌላውን ቃል መልሶ መወርወር ነው። «አንነካውም ተባብለን የለ?» «ተባብለናል።» መስማማት ይመስላል፤ ግን የቃሉ ባለቤት ራሱ እንዲሰማው ተደርጎ የተመለሰ ነው።

ቶሎ መስማማትም ከዚሁ ይቆጠራል፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉም ይበረታል። ክርክር የሚጠበቅበት ቦታ ላይ አጭር «እሺ» ሲመጣ አንባቢው ይደነግጣል፤ ተናጋሪው ተስፋ መቁረጡን ይረዳል። «እሺ»፣ «ይሁን»፣ «እንዳልክ»፣ «አንተ ታውቃለህ» የተለያየ ክብደት አላቸው። «እሺ» ገና በር ይተዋል፣ «አንተ ታውቃለህ» ግን ኃላፊነቱን በሙሉ አሸክሞ ይሄዳል። በአንድ ትዕይንት ሁለቱን ብቻ መርጦ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መውጣት ይበቃል።

በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሰዎቹ በተለያየ ዘዴ ቢሸሹ ይመረጣል። አንዱ በጥያቄ የሚያመልጥ ከሆነ ሌላዋ በመስማማት ትሽሽ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሸሹ አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስላል።

አማርኛ በነፃ የሚሰጠው

ግሱ አድራጊውን፣ ጾታውንና አክብሮቱን በራሱ ስለሚይዝ አማርኛ ጸሐፊውን ከብዙ ድካም ያሳርፈዋል። ተውላጠ ስም ካልተፈለገ አይጠራም፤ ሲጠራ ደግሞ ይከብዳል። «ቁልፉን ረሳኸው» ተራ ነገር ነው። «ቁልፉን የረሳኸው አንተ ነህ» ክስ ነው። «ቁልፉ ተረሳ» ደግሞ ጥፋተኛውን ይሰውራል። የሚደብቅ ገጸ ባሕርይ ወደ «ተረሳ»፣ «ወጣ»፣ «ዘገየ» ያዘነብላል፤ የተጎዳው ወደ «አንተ ነህ» ያዘነብላል። የምሳሌያችን ባል «ገንዘቡን አወጣሁት» ከማለቱ በፊት «ገንዘቡ ወጥቷል» ማለቱ አይቀርም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ አንድ ትዕይንት ሊሆን ይችላል።

ባለቤትነትን የሚያሳዩ ቅጥያዎችን ይከታተሉ። «ቤታችን» የነበረው «ቤቱ» ሲሆን፣ ኋላም «ቤትህ» ሲሆን አንባቢው ያለ አንዳች ማብራሪያ ይሰማዋል። በገጽ አንድ «ልጃችን» ያለች እናት በገጽ አራት «ልጄ» ካለች መለያየቱ ተጀምሯል። «እናንተ»ም እንዲሁ ነው። ሚስት ብቻውን ለተቀመጠ ባሏ «እናንተ መቼ ነው የምትነግሩኝ?» ካለች ከቤተሰቡ ጋር ደምራ በሌላ ወገን አስቀምጣዋለች። ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው «እሱ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል» ብሎ ለሦስተኛ ሰው መናገርም አለ፤ ከስድብ በላይ ያማል፣ ስለዚህ በአንድ ታሪክ አንዴ ብቻ ይጠቀሙበት። ለምጸት የሚመጣ «እርስዎ»ም ሲደጋገም ቀልድ ይሆናል።

አባትና ልጅ፣ ወይም በዕድሜ የሚበላለጡ ወንድማማቾች ከሆኑ ታናሹ አክብሮቱን ሳይጥል መቆጣት አለበት። ቁጣው የሚወጣው በማሳጠርና በመተው ነው። እስከዚያ «እሺ አባዬ» ይል የነበረ ልጅ «እሺ» ብቻ ቢል አባትየው ይሰማዋል፤ አንባቢውም ይሰማዋል። ይህ እንዲሠራ ግን «አባዬ» ቀደም ብሎ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መባል አለበት። ያልነበረ ነገር ሲቀር አይታይም።

አንድ ተግባራዊ ጥቅም ደግሞ አለ። ወንድና ሴት ሲነጋገሩ «መጣህ» እና «መጣሽ» ተናጋሪውን ስለሚለዩ «አለ»፣ «አለች» ብዙውን ጊዜ ሊቀር ይችላል። ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ሲሆኑ ግን በየአራት ወይም በየአምስት መስመሩ ተናጋሪውን በስም ወይም በድርጊት ማሳየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠር ይጀምራል። ከ«አለ» ውጭ ያሉትን «አንባረቀ»፣ «አጉረመረመ»፣ «በምሬት ተናገረ» የመሳሰሉትን በተቻለ መጠን ይተዉ። ንግግሩ መራራ ከሆነ ቃሉ ትርፍ ነው፤ ካልሆነም ቃሉ አያድነውም።

ቦታውን መምረጥ

መቼት ሲባል ጊዜና ቦታ ነው፤ በሻከረ ግንኙነት ታሪክ ውስጥ ግን ዋናው ጥያቄ ቦታው ሰዎቹን ምን ያስገድዳቸዋል የሚለው ነው። ሥዕል የሚመስል ቦታ ፍለጋ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ይልቅ አራት ነገር ይጠይቁ፦ ቦታው የማን ነው? ከዚያ መውጣት ይቻላል? ማን ይሰማቸዋል? ሰውነታቸውንስ ምን ያሠራዋል?

መውጣት የማይቻልበት ቦታ ሰዎቹን አብሮ ያስቀምጣል፤ መኪና፣ ወረፋ፣ የሐኪም ቤት መጠባበቂያ። የሚሰማ ሰው ያለበት ቦታ ድምፃቸውን ያስቀንሳል። ሕፃን በተኛበት ክፍል በሹክሹክታ የሚደረግ ጠብ ከጩኸት ይልቅ ያስጨንቃል፤ ምክንያቱም ሁለቱም አሁንም አንድ የጋራ ነገር እየጠበቁ ነው። ቦታው የአንደኛው ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላው እንግዳ ይሆናል፤ የት እንደሚቀመጥ፣ ብርጭቆ ከየት እንደሚያነሣ መጠየቅ ይኖርበታል።

አራተኛው ጥያቄ ብዙም አይነሣም፣ ውጤቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የተቀያየሙ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ቁም ሣጥን ተሸክመው ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ሲወርዱ ያስቡ። መልቀቅ አይችሉም፣ ተያይተው መሄድ አለባቸው፣ አንዱ ወደ ኋላ እየተራመደ ሌላውን ማመን አለበት። «ያዝክ?» «ያዝኩ።» «እንዳትለቅ።» እዚህ ላይ ስለ ውርስ አንድም ቃል ባይነሣ ግንኙነታቸው ሁሉ እጃቸው ላይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ጊዜውን ይገድቡ። ቀጠሮ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ቀርቷል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሊወጣ ነው። ገደብ የሌለው ምልልስ ያንዣብባል፣ የትም ቢቆም ለውጥ የለውም።

ዕቃዎች ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጡ። ዋናው ዕቃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታይ፤ መጀመሪያ እንደ ተራ ነገር፣ ቀጥሎ የወሬው ጉዳይ ሆኖ፣ በመጨረሻም አጠቃቀሙ ተለውጦ። ከዕቃዎቹ አንዱ የጥሩ ጊዜ ቅሪት ቢሆን ይመረጣል። በእሷ ቁመት ልክ የተሰቀለ መደርደሪያ አንድ ጊዜ የሰቀለው ሰው ቁመቷን እንዳሰበ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ቅሪት የሌለበት ቤት አንባቢውን «ታዲያ ለምን አብረው ይኖራሉ?» ያሰኘዋል፤ መልስ ሲያጣም ግድ አይሰጠውም።

ዝርዝሮቹን ለመምረጥ ስለ ቦታው አሥር ነገር ይጻፉና ማንም ሰው ሊያያቸው የሚችሉትን ሰባቱን ይሰርዙ። የሚቀሩት ሦስቱ ያ የተጎዳ ሰው ብቻ የሚያያቸው መሆን አለባቸው። የተከዳች ሚስት የመኪናውን ቀለም አታይም፤ የነዳጁ መለኪያ ሙሉ መሆኑን ግን ታያለች፣ ትናንት ባዶ ነበርና።

ዝርዝሩ የት ይግባ?

አንድ ዓይነት ምልልስና አንድ ዓይነት ዝርዝር ይዘን ቦታቸውን ብቻ እንለዋውጥ።

«ወንድምህ ደወለ?»
የፊት መስታወቱን በእጁ ጠረገ። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።
«አልደወለም።»

ዝርዝሩ በጥያቄና በመልስ መካከል ሲገባ ማመንታት ነው። ሰውየው ውሸቱን እዚያው እየሠራው ነው። አሁን ወደ መጨረሻ እናውርደው፦

«ወንድምህ ደወለ?»
«አልደወለም።»
የፊት መስታወቱን በእጁ ጠረገ። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ተዘጋጅቶበት ነበር። መጨነቅ የጀመረው ከተናገረ በኋላ ነው። ይህኛው ሰው ከመጀመሪያው ይልቅ የለመደ ውሸታም ነው፣ ወይም ጥያቄውን ሲጠብቅ የከረመ። አሁን ደግሞ ወደ መጀመሪያ፦

የፊት መስታወቱን በእጁ ጠረገ። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።
«ወንድምህ ደወለ?»
«አልደወለም።»

ትኩረቱ ወደ ጠያቂዋ ዞረ። መጨነቁን አይታ ነው የጠየቀችው፤ እያደነችው ነው። ቃላቱ ሳይለወጡ ሦስት የተለያየ ጋብቻ አየን። ስለዚህ «እዚህ ጋ ትንሽ ገለጻ ያስፈልጋል» ብሎ መቼትን እንደ ማረፊያ መርጨት ኪሳራ ነው።

ለመጠን ያህል፣ ከስድስት እስከ ስምንት የንግግር መስመር በኋላ ሰውነት ወይም ዕቃ ካልታየ ሰዎቹ በባዶ ቦታ የሚንሳፈፉ ድምፆች ይሆናሉ። በሌላ በኩል በተጋጋለ ምልልስ መካከል ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ገለጻ ከገባ ውጥረቱ ይበርዳል።

አንድ ትዕይንት፣ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ

መጀመሪያ የሚመጣው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«ለምን አልነገርከኝም? ቤት ለመግዛት ብለን ለዓመታት ያጠራቀምነውን ገንዘብ ለወንድምህ አበደርከው!» አለች በከፍተኛ ንዴት።
«ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን ወንድሜ ችግር ላይ እንደነበረ ታውቂያለሽ» አለ በጸጸት።
ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። በመካከላቸው ያለው ዝምታ እንደ ግድግዳ ሆኖ ተሰማት።

ገንዘቡ ለምን እንደተጠራቀመ ሁለቱም ያውቁታል፤ የተነገረው ለአንባቢው ነው። ንዴቱና ጸጸቱ በስማቸው ተጠርተዋል። ዝናቡ ማንንም አያስገድድም፤ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። ከሁሉ የከፋው ግን የሚፈለገው ሁሉ በሁለት መስመር ተነግሮ ማለቁ ነው፤ ከዚህ በኋላ ትዕይንቱ መድገም እንጂ መቀጠል አይችልም።

አሁን በሩን ይዘን እንደገና፦

ሞተሩን አጠፋ። በእሷ በኩል ያለው በር ከውስጥ መከፈት ካቆመ ወራት አልፎታል፤ ዞሮ እስኪከፍትላት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እሱ ግን አልወረደም።
«አሥር ደቂቃ ቀድመናል።»
«ይኼ በር ስንት ይፈጃል አሉህ?»
«የቱ?»
«በሩ።»
«ብዙም አይደለም። ሲመቸን እናሠራዋለን።»
«አሁን አይመቸንም?»
«ለትንሹም ለትልቁም ያንን ገንዘብ አንነካውም ተባብለን የለ?»
«ተባብለናል።»
«ታዲያ።»
«እሺ።»
በግማሽ በተከፈተው መስኮት ክርኗን አወጣች። የነዳጁ መለኪያ ሙሉ ነበር።
«ወንድምህ ደወለ?»
«አልደወለም።» የፊት መስታወቱን በእጁ ጠረገ። «ግን ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።»
«መቼ?»
«ምኑ መቼ?»
«ሰላም ያለኝ።»
ቁልፉን ነቀለ። «በይ እንውረድ» አለና ወርዶ በሩን ዘጋ። በፊት ለፊት ዞሮ ሲመጣ እሷ በመስኮቱ እጇን አውጥታ መክፈቻውን ከውጭ እየሳበች ነበር።
«ቆይ፣ እኔ እከፍትልሻለሁ።»
በሩ ተከፈተ።
«እንዲህም ይከፈታል እንዴ?»
«ድሮም ይከፈታል።»

«አበድሬዋለሁ» አልተባለም፣ «አውቃለሁ» አልተባለም። ባልየው «አንነካውም ተባብለን የለ?» ሲል የራሱን ወንጀል እንደ መከላከያ ተጠቅሞበታል፤ ይህ መስመር የትዕይንቱ መታጠፊያ ነው። «መቼ?» ውሸቱን ይዛዋለች፤ ካልደወለ ሰላምታው ከየት መጣ? ለዚህ ጥያቄ የቃል መልስ የለም፤ መልሱ ቁልፉን መንቀሉ ነው። በሩ ሦስት ጊዜ ታይቷል፣ በሦስተኛው ደግሞ ወራት ሙሉ በፈቃዷ ስትጠብቀው እንደነበር ይገልጣል። ከዚህ በኋላ «ከእንግዲህ እንደማትጠብቀው ወሰነች» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ትዕይንቱ ይሞታል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እጅ መብላቱ አይቀርም።

ምን ያህል ይደበቅ?

ከላይ ያለው ትዕይንት ብቻውን ቢነበብ አንባቢው ጥርጣሬ ይይዘዋል እንጂ ብድሩን አያውቅም። ስለዚህ ከታሪኩ የመጀመሪያ ሦስተኛ ክፍል ሳይወጡ አንድ ጠንካራ ፍንጭ መስጠት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በጠዋት የባንክ ደብተሩን ከመሳቢያው አውጥታ አይታ መልሳ በነበረበት እንደከተተችው በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ። አንባቢ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱን ያህል ማወቅ አለበት። ከሁለቱም ያነሰ የሚያውቅ አንባቢ ውጥረት አይሰማውም፤ እንቆቅልሽ እንዲፈታ የተገደደ ይመስለዋል።

አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው፣ «ነጭ ዝሆን የሚመስሉ ኮረብቶች» ሊባል በሚችለው አጭር ታሪክ ሁለቱ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ፅንስ ማቋረጥ ነው፤ ቃሉ ግን አንዴም አይጠራም። አንባቢው የሚደርስበት ግን ተዘጋጅቶለት ነው። ሰውየው ስለ አንድ ቀላል ኦፕሬሽን ያወራል፣ ቀላልነቱንም ይደጋግማል። ባቡሩ በ40 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ጣቢያው በሁለት ሐዲዶች መካከል ነው፤ በአንዱ ወገን ጥላም ዛፍም የለም፣ በሌላው ወገን እህልና ወንዝ አለ። ዋናው ቃል የቀረው ሌላው ሁሉ ስለተሰጠ ነው። ጀማሪዎች ከዚህ ዓይነት ጽሑፍ መደበቁን ብቻ ይወስዱና መስጠቱን ይረሳሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹ ነገሮች

አንደኛው ሰው ሰይጣን፣ ሌላው መልአክ ከሆነ ግንኙነት የለም፤ ጥቃት አድራሽና ተጠቂ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ሌላ ዓይነት ታሪክ ነው። ለጥፋተኛው አንድ ትክክለኛ ነጥብ ይስጡት። የምሳሌያችን ባል ወንድሙ በእርግጥ ተቸግሮ ሊሆን ይችላል፤ ሚስትየውም ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ «አይሆንም» ብላ ሊሆን ይችላል።

ከጅምሩ የሚጮኹ ሰዎች መድረሻ የላቸውም። ጩኸት የግድ ካስፈለገ አንዴ ይሁን፣ ከትዕይንቱ ሁለት ሦስተኛ በኋላ ይምጣ፣ የሚጮኸውም አንባቢ የማይጠብቀው ሰው ይሁን፤ በማይገባ ትንሽ ነገርም ይጩኽ።

«ዝም አለች»ና ሦስት ነጥብ (…) ሌላው ሱስ ናቸው። በረቂቅዎ ውስጥ ይቁጠሯቸው። በአንድ ትዕይንት አንድ ይበቃል። የቀሩትን በሦስት መንገድ መተካት ይቻላል፦ መልሱን መዝለልና ጠያቂው እንደገና እንዲናገር ማድረግ፣ እጅ የሚሠራውን ማሳየት፣ ወይም ከሰዎቹ ውጭ ያለ ድምፅ ማስገባት።

ተረትና ምሳሌ በገጸ ባሕርያት አፍ ማስገባትም ያጓጓል። ሽማግሌ አስታራቂ ሊናገረው ይችላል፤ በጠብ መካከል ያለ ሰው ግን እንዲህ የተቀመረ ነገር ከአፉ አይወጣም። ከወጣ ተዘጋጅቶበት መጥቷል ማለት ነው፣ ይህም ራሱ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ይናገራል፤ ለዚያ ካልሆነ ይቅር።

እርማት

ረቂቁን ቢያንስ ለሁለት ቀን ያስቀምጡና ሦስት ጊዜ ያንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ ንግግሮቹን ብቻ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ማን እንደሚናገር ያለ ስም መለየት ካልቻሉ ሁለቱ ሰዎች አንድ አፍ አላቸው። በሁለተኛው ንግግሮቹን ሸፍነው መቼቱንና ድርጊቱን ብቻ ያንብቡ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መስመር መካከል በዕቃዎቹ ወይም በሰዎቹ አቀማመጥ ላይ ለውጥ መታየት አለበት፤ ከሌለ መቼቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው። በሦስተኛው ከምልልሱ መጀመሪያ ሁለት መስመር፣ ከመጨረሻውም ሁለት መስመር ቆርጠው ያንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሰላምታ፣ የመጨረሻዎቹ ማብራሪያ ሆነው ይገኛሉ፤ ከአሥር ረቂቅ በዘጠኙ ቢቆረጡ ይሻላል።

ከዚያ ለአንድ አንባቢ ይስጡት። «ወደድከው?» ብለው አይጠይቁት፤ ከትህትና የተነሣ አዎ ይላል። ይልቅ ማን እንደተጎዳ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሁለቱም ሊሉት ያልቻሉት ነገር ምን እንደሆነ በራሱ ቃል እንዲነግርዎ ይጠይቁት። የመጀመሪያውን ከሳተ ችግሩ ምልልሱ ላይ ነው። ሁለተኛውን ከሳተ መቼቱ ያለፈ ጊዜ ቅሪት ይጎድለዋል። ሦስተኛውን ብቻ ከሳተ አንድ ፍንጭ ይጨምሩ፤ ፍንጩን ግን በሰዎቹ አፍ ሳይሆን በመሳቢያው ውስጥ ያስቀምጡት።